የምስጢር ቁጥሩ የገበሬው ፊርማ ነው

ቀድሞ ገበሬው እህሉን ገበያ አውጥቶ ሲሸጥ ብሩን ቆጥሮ፣ በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ዛሬ በብዙ የገጠር ገበያዎች ነጋዴው የእህሉን ዋጋ በስልክ ይልካል፤ ገበሬውም ገንዘቡ መድረሱን የሚያውቀው በስልኩ ላይ በሚመጣለት መልእክት ነው። ይህ አሠራር ገበሬውን ከመንገድ ቀማኛ የሚያድነው ቢሆንም፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ «ማስረጃው ምንድን ነው? ኃላፊውስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ማስከተሉ አልቀረም።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጡ ሕጎች ደረጃ በደረጃ ወጥተዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተዘጋጀ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው እንደማይገባ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም በፈቃድ ወደ ሥራው እንዲገቡ በመደረጉ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመሩ። እነዚህ ድርጅቶች የደንበኞችን ገንዘብ ከራሳቸው ለይተው በባንክ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው።

ስለሆነም የክፍያ መልእክት ለዳኛ ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴው ከራሱ ስልክ ላይ ያነበበው ወይም ያሳየው መልእክት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ገበሬው እህሉን ከማስረከቡ በፊት የራሱን ሂሳብ ማየት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ማንበብና መጻፍ የማይችለው ገበሬ ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ላይ፣ መጻፍና ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማው በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። በስልክ ላይ ግን የምስጢር ቁጥሩ በተመታ ቅጽበት ገንዘቡ ይሄዳል፤ አጠገብ ቆሞ የሚያስረዳ አዋዋይም ዳኛም የለም። ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለወኪል ሰጥቶ የምስጢር ቁጥሩን የሚናገር ገበሬ በባዶ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን እንዳተመ ሰው ነው። በኋላ «እኔ አላዘዝሁም» ቢል፣ መዝገቡ የሚያሳየው በራሱ ቁጥር መታዘዙን ስለሆነ ክርክሩ ይከብደዋል።

ገንዘብ በስሕተት ወደ ሌላ ሰው ስልክ የተላከ እንደሆነ ደግሞ፣ ያላግባብ የተከፈለውን ማስመለስ እንደሚቻል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 ይፈቅዳል። ነገር ግን ተቀባዩ ገንዘቡን አውጥቶ ከጠፋ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር ስለሚችል፣ ስሕተቱ በታወቀበት ሰዓት ለድርጅቱ ማመልከት ያስፈልጋል።

በብድርም በኩል ጥንቃቄ ይፈለጋል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረዳ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ይገልጻል። የስልኩ መልእክት ገንዘቡ መሄዱን ያሳያል እንጂ ብድር ይሁን ስጦታ፣ ወይስ የዕዳ ክፍያ፣ ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ አበዳሪና ተበዳሪ ምክንያቱንና የመመለሻውን ቀን በጽሑፍ ቢያሰፍሩ ኋላ ከመካሰስ ይድናሉ።

ወኪሉ የሚሠራው በድርጅቱ ስም በመሆኑ፣ በተሰጠው ሥልጣን ክልል ውስጥ ለሚፈጽመው ሥራ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው። ገበሬው «ኔትዎርክ የለም፤ ገንዘቡን ተውልኝና ነገ አስገባልሃለሁ» የሚለውን ቃል አምኖ መልእክት ሳይደርሰው ብሩን ትቶ ከሄደ ግን፣ ድርጅቱን ለመጠየቅ የሚያስችለው ማስረጃ በእጁ አይኖርም።

በዚህ ረገድ ከገበሬ ማኅበራት መሪዎች ብዙ ይጠበቃል። በመጀመሪያ፣ የማኅበሩ ገንዘብ በሊቀ መንበሩም ሆነ በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ሳይሆን በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሂሳብ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ክፍያ ቀን፣ መጠንና የመለያ ቁጥር በመዝገብ መስፈር ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ በስብሰባ ቀን አባላት የምስጢር ቁጥራቸውን ራሳቸው መምታት እስኪለምዱ ድረስ ማስተማር ያሻል፤ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ቢሆን አኃዝን ከብር ላይ ለይቶ ያውቃልና።

በደል የደረሰበት አባል አቤቱታውን በቅድሚያ ለድርጅቱ ያቀርባል፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ወደ ብሔራዊ ባንክ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። መልእክቱን ያላጠፋ፣ መዝገቡን የያዘና ቀኑን ያልረሳ ባለጉዳይ በዳኛ ፊት አፉን ሞልቶ ይናገራል።

ገበሬው ማኅተሙን ለሰው እንደማያውስ ሁሉ የምስጢር ቁጥሩንም ለማንም ማዋስ አይገባውም። ዓመት የለፋበት ምርት በአንድ ጣት ምት ከእጁ እንዳይወጣ አስቀድሞ ማስተማር የማኅበሩ መሪዎች ሥራ ነው።