እንዶድ፦ አረንጓዴው ፍሬ፣ ነጩ አረፋ

በጎጃም ደጋ ነጭ ልብስ ብዙ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። ጋቢና ቡልኮ ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል፣ የምድጃ ጭስ ይጠጣል፣ የክረምት ጭቃ ይነካዋል። ያው ጋቢ ለጥምቀትና ለፋሲካ ጸዐዳ ሆኖ መገኘት አለበት። የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ ከመደርደሩና ኦሞ የሚባለው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ወደ ገጠር ገበያ ከመዝለቁ በፊት ይህን ልብስ ከዓመት ዓመት ነጭ አድርጎ ያቆየው በየአጥሩ ላይ የሚጠላለፍ አንድ ተክል ነው፤ እንዶድ።

እንዶድ በሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሃንዶዴ ይለዋል። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ወይና ደጋና ደጋ ይስማማዋል። ብቻውን ከቆመ ቁጥቋጦ ነው፤ ዛፍ ካገኘ ግን እንደ ሐረግ ተንጠላጥሎ እስከ 10 ሜትር ይወጣል። በጓሮ አጥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳርና በወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ይገኛል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ስለሚበቅሉ ከሁለት አጎራባች አጥሮች አንደኛው በፍሬ ሲጎብጥ ሌላው አበባ ብቻ አሳይቶ ሊያልፍ ይችላል። ፍሬው በረጃጅም ዘለላ ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዱ ፍሬ አራት ወይም አምስት ክፍል አለው። ጥሬው አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል እንደየዘሩ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ይለወጣል።

የአረፋው ነገር የሚጀምረው ከዚህ የቀለም ለውጥ በፊት ነው። እንዶድን የማያውቅ ሰው እንደ ማንኛውም ፍሬ ቀልቶ እስኪበስል ይጠብቀው ይሆናል። የሚያውቁት ግን ፍሬው መጠኑን ጨርሶ፣ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቅሙታል። ምክንያቱን ላቦራቶሪ ኋላ ደርሶበታል፦ አረፋ የሚሰጠው ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ ከፍተኛ መጠን የሚደርሰው በዚያ ጊዜ ነው፤ ከበሰለ በኋላ ይቀንሳል። የበሰለውን ደግሞ ወፎች አያስተርፉትም። ለቃሚው ዘለላውን ከነአገዳው ቆርጦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፍሬው ጨምድዶ፣ ጠቁሮና ጠንክሮ እስኪደርቅ ይገለባብጠዋል። በደንብ የደረቀ እንዶድ በከረጢት ወይም በእንስራ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። እርጥበት ያለበት ግን ይሻግትና ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ በበጋ የሚደርሰው ፍሬ ለማድረቅ የተመቸ ነው።

ከዚያ ሙቀጫና ዘነዘና ይቀርባሉ። የእንዶድ አወቃቀጥ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ያስነጥሳል፤ ዓይን ከነካ ያቃጥላል። ስለዚህ ወቃጯ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ነፋሱን ወደ ጀርባዋ አድርጋ ትወቅጣለች። ማስነጠሱ የጥሩነቱም ምልክት ነው፦ የማያስነጥስ እንዶድ ወይ አርጅቷል፣ ወይ በስሎ ነው የተለቀመው። ፍሬው ብዙ መድቀቅ የለበትም፤ ሥጋው ተፈርክሶ ወደ ሻካራ ዱቄት ከተለወጠ ይበቃል፤ አረፋው ያለው በውስጡ ባሉት ጥቁር ዘሮች ሳይሆን በሥጋው ነውና።

ውኃው የሚጨመረው ጥቂት በጥቂት ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ ላይ አንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ከተደፋበት ውኃው ይደፈርሳል፣ ላዩ ላይ ትልልቅ የአረፋ ኳሶች ይፈጠራሉ፣ ወዲያው ይፈነዳሉ። ጥሩ አረፋ የሚፈልግ ዱቄቱን መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ለውሶ ያሳድረዋል ወይም ትንሽ ያቆየዋል፤ ከዚያ እያሸ ውኃ ይጨምርለታል። በመዳፍና በመዳፍ መካከል ሲታሽ አረፋው እየደቀቀ፣ እየነጣና እየከበደ ይመጣል። በመጨረሻ በእጅ ሲዘገን የማይወርድ፣ ሲገፉት የሚቆም አረፋ ይሆናል።

ጋቢው ከዚያ በፊት በንጹህ ውኃ ተነክሮ አፈሩን መልቀቅ ይኖርበታል። የደረቀ ጋቢ ላይ የተደፋ እንዶድ ባለበት ይቀራል፤ አይዳረስም። ጨሞጋን በመሰለ ከጮቄ የሚወርድ ወንዝ ዳር ከሆነ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ይፈለጋል፤ ልብሱ እዚያ ውስጥ ታጥፎ፣ አረፋው ተደፍቶበት በእግር ይረገጣል። ከባድ ቡልኮ ሲሆን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይረግጠዋል፤ ይህ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ በድሮው ልማድ ወንዶችም ይሠሩት ነበር። የመጀመሪያው አረፋ ቶሎ ይጠፋል፤ ውኃውም ይጠቁራል። ይህ የእንዶዱ ድክመት አይደለም፤ ቅባቱና ጥላሸቱ አረፋውን ስለሚበላው ነው። ሁለተኛው ዙር ነጭ ሆኖ ከቆየ ልብሱ ጸድቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በወራጅ ውኃ ይለቀለቃል፣ ሁለት ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዞ ይጨምቀዋል፣ በለምለም ሣር ላይ ይሰጣል።

አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን አንዱ ወገን ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ውኃ ይሸሻል። ውኃ የሚሸሸው ወገን ቅባቱንና ጥላሸቱን ይይዛል፤ ውኃ ወዳዱ ደግሞ ከነያዘው ቆሻሻ ወደ ውኃው ይጎትተዋል። ትርፉ ሳፖኒን በውኃው ገጽ ላይ ተሰልፎ የውኃውን ገጽ ያላላዋል፤ አየር ሲገባም ስስ ቆዳ ሆኖ ያቅፈዋል። አረፋ ማለት ይህ የታቀፈ አየር ነው። በእንዶድ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ ከነጓዙ ተቀምጧል፤ ፍሬው ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለ ኢንዛይም ይነሳና ከሳፖኒኑ ላይ ከፊሉን የስኳር ጭነት ቆርጦ ይጥላል፤ ሳፖኒኑም ኃይለኛ ይሆናል። የፈላ ውኃ ይህን ኢንዛይም ይገድለዋል። መውቀጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መለወስና ማቆየት ኬሚስቶችን የዓመታት ምርምር የጠየቀ ቅደም ተከተል ነው፤ የሙቀጫ ባለቤቶች ግን ከእናቶቻቸው ወርሰው ይሠሩበት ነበር።

ውኃን ጥቂት በጥቂት የመጨመሩ ሕግ የጺም መላጫ ሳሙና አረፋንም ይገዛል። ለመላጫ የሚሠራው ነባሩ ደረቅ ሳሙና ስቴሪክ አሲድ ከበዛበት ስብና ከፖታሽ ይዘጋጃል፤ ግሊሰሪንም ይገባበታል። ፀጉር አስተካካዩ ብሩሹን አርጥቦ፣ ውኃውን አራግፎ ሳሙናው ላይ ያሽከረክራል፤ ከዚያ ጠብታ በጠብታ ውኃ እየጨመረ አረፋውን ያደቅቀዋል። ብሩሹ ውኃ ካንጠባጠበ አረፋው ቀጥኖ ጉንጭ ላይ ይወርዳል፤ ከደረቀ ደግሞ ሊጥ ይሆንና ምላጩን ይይዛል። እንዶድ ግን ፊት ላይ አይውልም፤ ዓይንን ይጎዳልና።

ይህ የልብስ ማጠቢያ አረፋ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን የጨረሰው ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠና ነበር። የቢልሃርዚያ ትል የእድገቱን ከፊል በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይጨርሳል፤ ከዚያ ወጥቶ በውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። አክሊሉ በወንዝ ዳር ሲሄድ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አየ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትሰጠው ለመነ፤ ሕያው ቀንድ አውጣ ያለበት ዕቃ ውስጥ ጨመረው። ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የአንድ ሕይወት ሙሉ ሥራ ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረተ፤ ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ስፍራዎች የእንዶድ ዘሮችን ሰብስቦ፣ አነጻጽሮና አራብቶ ከሁሉ ኃይለኛ የሆነውን ለየ፤ 44ኛው ዘር ተብሎ የታወቀው ነው። ከእንዶድ የተለየው ንጥረ ነገርም ለማቶክሲን ተባለ። በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ በከተማዋ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም ፓተንት አወጣበት። የዘመናት እውቀት የማን ነው የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ተነሳ፤ መነሳቱም ተገቢ ነበር። አረፋውን ያካፈለችው የዓድዋ ሴት ስም ግን በዚህ ታሪክ እምብዛም አይነሳም።

ደብረ ማርቆስን በመሰለ ብርዳም ከፍታ ቢልሃርዚያ እምብዛም አይተላለፍም። ቆላ ቀመሱ ምዕራብ ጎጃምና የጣና ዙሪያ ግን ዛሬም ያውቁታል፤ ስለዚህ የእንዶድ ጉዳይ ለጎጃም የልብስ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

እንዶድ መርዝ መሆኑንም ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል። በባህል ሕክምና ለሆድ ትላትልና ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጡት አሉ፤ ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የተወቀጠው እንዶድ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የታጠበበት ውኃም ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ መደፋት የለበትም። መልካሙ ነገር መርዙ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው፤ ውኃ ውስጥ በሁለት ቀን ገደማ ይበሰብሳል፣ ወንዙም ይጠራል።

ከሳሙና ተክል ብዙ ነገር እንደሚገኝ ሌሎች አገሮች አሳይተዋል። ቺሊ ውስጥ ሰዎች ለማጠቢያ ይጠቀሙበት የነበረው የኪላያ ዛፍ ቅርፊት ሳፖኒን ዛሬ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ አረፋ ያቆማል፤ በሕፃናት የወባ ክትባት ውስጥም የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ ቅመም ሆኖ ይገባል። በጎጃም ግን እንዶድ ከአጥር እየተነቀለ ነው። ኦሞ ሙቀጫ አይፈልግም፣ አያስነጥስም፣ በትንንሽ ከረጢትም ይሸጣል፤ በየአጥሩ ደግሞ ባሕር ዛፍ ገብቷል። ልብስ የሚያጥብ ሰው ቀላሉን መምረጡ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው የትኛው አጥር ላይ ያለው እንዶድ ጥሩ አረፋ እንደሚሰጥ የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ መሆኑ ነው።

መልሶ መትከል ለሚሻ መንገዱ አጭር ነው። ከዘር የበቀለ እንዶድ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ አይታወቅም፤ የአረፋውም ነገር እርግጠኛ አይደለም። ከቅርንጫፍ ቁራጭ የበቀለው ግን እናቱን ይመስላል። ስለዚህ አረፋው ከታወቀ ሴቴ እንዶድ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ሁለት ሦስት ዓይኖቹን አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ሥር እስኪሰድ ውኃ ማጠጣት ነው፤ በአቅራቢያውም ለአበባው ብናኝ አንድ ወንዴ ቢኖር ፍሬው ይበረክታል።