ከበግ ጠጉር፣ ከስንደዶና ከአሮጌ ጨርቅ፦ ቤታችንን ለረመዳን በእጃችን እናሳምር

 

ረመዳን ሲቃረብ ወደ ኢማም የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጨረቃ፣ ስለ በሽተኛ ጾምና ስለ ዘካ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ደብረ ታቦር ላይ ሌላ ጥያቄም እሰማለሁ። ልጆች በስልክ የዱባይንና የካይሮን ቤቶች ያያሉ። መብራቱን፣ የሚያብረቀርቀውን ጨረቃና ኮከብ፣ መጋረጃውን ያያሉ። ከዚያ ዞር ብለው የራሳቸውን ክፍል ሲያዩ ባዶ ይሆንባቸዋል። አባት ኪሱን ይዳብሳል፤ በኪሱ ያለው ለቴምርና ለሾርባ እህል እንኳ አይበቃም። «ሸይኻችን፣ ለመሆኑ ቤት ማስጌጥ ይፈቀዳል? ቢፈቀድስ በምን ገንዘብ?» ይሉኛል።

ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በየተራ እንያቸው።

ይፈቀዳል ወይ?

ቤትን ማሳመር ዓዳ እንጂ ዒባዳ አይደለም። ስለዚህ «የረመዳን ሱና ነው» ማለት ትክክል አይደለም፤ «ቢድዓ ነው» ብሎ የልጅን ልብ መስበርም አያስፈልግም። በካይሮ የረመዳን ፋኑስ ማብራት የቆየ ልማድ ነው። በሐረር ሙስሊም እናቶች የሳሎናቸውን ግድግዳ ራሳቸው በሰፉት ስፌት ሞልተውታል፤ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም የቤቶቹ የውስጥ ውበት ከተመሰከረላቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

ይሁን እንጂ ሦስት ድንበሮች አሉ። የመጀመሪያው ኢስራፍ ነው። በአል-አዕራፍ ምዕራፍ 31ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ወደ ሰላት ስንሄድ ጌጣችንን እንድንይዝ ያዘናል፤ በዚያው አንቀጽ ማባከንን ይከለክላል። ለጌጥ ብሎ መበደር፣ ለዒድ የልጅ ልብስ ወይም ለዘካተል ፊጥር የተቀመጠውን ገንዘብ ማንሳት ከዚህ ድንበር ውጪ ነው።

ሁለተኛው ሥዕል ነው። የሰውና የእንስሳ ምስል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ምስል ያለበት መጋረጃ ሰቅላ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ሲመለሱ አይተው ጠሉት። ዓኢሻም መጋረጃውን ቆርጣ መደገፊያ ትራስ አደረገችው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። እዚህ ላይ ሰዎች የሚያስታውሱት ክልከላውን ብቻ ነው፤ እኔ ግን እጇንም እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ጨርቁ አልተጣለም፤ በቤት ውስጥ በተሠራ ሥራ ለቤት ጠቃሚ ሆነ።

ሦስተኛው ሰላት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው ሲሰግዱ ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም መልሰው፣ ጥለት የሌለውን እንዲያመጡላቸው ጠይቀዋል። ስለዚህ ደማቁ ጌጥ ከሰጋጁ ፊት ለፊት፣ በቂብላ በኩል አይሁን። በጎን ወይም ከኋላ ባለው ግድግዳ ይሰቀል።

በምን ገንዘብ?

መልሱ በእጅ ነው። በአን-ነሕል ምዕራፍ 80ኛው አንቀጽ አላህ ከዋለልን ጸጋ መካከል ቤታችንን ማረፊያ ማድረጉንና ከእንስሳት ሱፍና ጠጉር የቤት ዕቃ እንድናገኝ ማድረጉን ይነግረናል። ይህን አንቀጽ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው በላይ ማን ይረዳዋል? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኋላችን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ አለ። በግ በየደጁ ነው፤ ብርዱም እንዲሁ። ከተራዊሕ መልስ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ የእኛ ጌጥ የሚያሞቅ ጌጥ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን የእጅ ሥራ ብዙ ተሰድቧል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብለዋል። አንዳንድ ወጣቶቻችን አያታቸው ሸማኔ እንደነበሩ ሲጠየቁ ያፍራሉ። ታሪኩን ቢያውቁት ባላፈሩ! አፄ ዮሐንስ አንደኛ በ1668 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ባደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ሰፈራቸው ተለይቶ እንዲኖሩ ተወሰነ። ርስት ያልነበረው ሙስሊም እንጀራውን ያገኘው ከንግድና ከሸማ ነው። ይፋግና ደሪጣ ስማቸው በመንገደኞች መጻሕፍት የተጻፈው በገበያቸውና በነጋዴዎቻቸው ነው። ደብረ ታቦርም ብትሆን የእጅ ሙያ ከተማ ናት፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚሁ ጋፋት ነው። ዛሬም ከዓለም በር አጠገብ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ ወንዱም ሴቱም እየሸመነ ይኖራል።

የእምነታችን እናቶችና ነቢያት በእጃቸው ሠርተዋል። ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ ቆዳ እያለፉና እየሰፉ ያገኙትን ሰደቃ ያደርጉ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን በእጃቸው ይጠግኑ ነበር። እንግዲህ ማን ነው የሚያፍረው?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ትራስና ምንጣፍ

ያረጀ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የተቀደደ ሽርጥ አይጣል። ደህና ደህናው ክፍል በአራት ማዕዘን ተቆርጦ እርስ በርሱ ሲጣፍ የትራስ ልብስ ይሆናል። ለመሙያ የበግ ጠጉር ይሁን። በሕይወት ካለ ወይም በሐላል ከታረደ በግ የተሸለተ ጠጉር ንጹሕ ነው። ጠጉሩን ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ጭገሬቱንና እሾሁን ልቀሙለት፤ በጥላ ካደረቃችሁ በኋላ በጣት እያፍታታችሁ ሙሉት። ሳይደርቅ ከተሞላ ይሸታል።

ለትራስ የማይሆነውን ጨርቅ ሁለት ጣት ስፋት እያደረጋችሁ ቅደዱት። ሦስት ሦስቱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት። ጉንጉኑን ከመሐል ጀምሮ እየጠመጠማችሁ በወፍራም መርፌና ክር ስፉት። ልጆች ይጎነጉናሉ፣ ትልልቆቹ ይሰፋሉ። በሁለት ሳምንት ለኢፍጣር ዙሪያውን የሚቀመጡበት ክብ ምንጣፍ ይወጣዋል።

አጎዛ ያላችሁ ደግሞ መስገጃ አላችሁ። በደንብ የለፋ የሐላል እንስሳ ቆዳ ንጹሕ ነው። ወለላችሁ በእበት የተለቀለቀ ከሆነ እንደ ሻፊዒ መዝሀብ እበት ነጃሳ ስለሆነ ወለሉ በደንብ ይድረቅ፤ በላዩ ንጹሕና ደረቅ ምንጣፍ ወይም አጎዛ ዘርጉና ስገዱ፤ ሰላታችሁ ትክክል ነው።

ስፌት ለግድግዳ

ስፌት የሚፈልገው ስንደዶ፣ አክርማና ወስፌ ነው። ጥቂቱን ስንደዶ ገበያ በሚሸጠው ቀለም አፍልታችሁ አለላ አድርጉ፤ ሁለት ቀለም ይበቃል። ሣሩ ሳይሰበር እንዲታጠፍ ከመስፋታችሁ በፊት በውሃ አርጥቡት። እርሳስ የሚያህል የአክርማ እስር ይዛችሁ በስንደዶ እየጠቀለላችሁ፣ በወስፌ ካለፈው ዙር ጋር እያያያዛችሁ አዙሩት። ለጀማሪ ስንዝር የሚያህል ክብ ይበቃዋል። በስፌት የሚያምረው ሦስት ማዕዘን፣ ኮከብና መስመር ነው፤ ምስል አያስፈልገውም። ሦስት አራት ክብ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከገበያ የሚመጣውን ፕላስቲክ ያስረሳል።

እዚህ ላይ ለሴት ልጆቻችንም ለወንዶቹም አደራ አለኝ። ይህን ሙያ የሚያውቁት አያቶቻችሁ ናቸው። ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት ለጾመኛ ልጅ ረጅም ነው። ያን ሰዓት ከስልክ ይልቅ ከአያት ጎን ተቀምጣችሁ አሳልፉት። ስፌቱን ትማራላችሁ፤ ዱዓቸውንም ታገኛላችሁ። ሙያው ከእሳቸው ጋር ከተቀበረ በገንዘብ ተገዝቶ አይመለስም።

ፋኑስ ከቆርቆሮ

የድልህ ወይም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ እጠቡ። እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቃችሁ ሙሉበት፤ እንዲህ ካልሆነ በመዶሻ ሲመታ ይጨማደዳል። በከሰል ጨረቃ ወይም ኮከብ ንደፉና በምስማር ነጥብ በነጥብ ብሱት። አሸዋውን ከደፋችሁ በኋላ የአፉን ስለት በመዶሻ ወደ ውስጥ እጠፉት። ይህን ሥራ ትልቅ ሰው ይያዘው። ውስጡ ትንሽ የባትሪ መብራት ቢገባ ይመረጣል። ሻማ ከሆነ ከመጋረጃና ከሣር ክዳን ይራቅ፤ ስትተኙም አጥፉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መኝታ ስንሄድ መብራትና እሳት እንድናጠፋ አዘዋል።

ሉሕ

በቁርኣን ቤት ያደግን ሰዎች ሉሕን እናውቃለን። ልጆች የዋንዛ ወይም ሌላ ጣውላ ቁራጭ ያለስልሱ። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ የግራር ሙጫና ጥቂት ውሃ አዋሕዱ፤ ቀለም ሆነ። ከመቃ ብርዕ ቅረጹ። ልጁ ከአሊፍ እስከ ያ ያሉትን ፊደላት ወይም የሐፈዘውን አጭር ሱራ በእጁ ይጻፍ። የታተመ ወርቃማ ጽሑፍ ከመግዛት ይህ ይበልጣል፤ ልጁ ጌጡን ሲያይ ትምህርቱን ያስታውሳልና። የአላህ ቃል ያለበት ሉሕ ከፍ ባለ ንጹሕ ቦታ ይሰቀል። ሲነሳም እንደ ቁሻሻ አይጣል፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

የበሩ ሙዳይ

የመጨረሻው ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። አንድ ሙዳይ ወይም በስፌት ያማረ ሌላ ዕቃ ከበሩ አጠገብ አስቀምጡ። ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው። አንድ ሷዕ ደግሞ በመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ አራት እፍኝ እህል ነው። ቤተሰቡ ስድስት ከሆነ 24 እፍኝ ይመጣል ማለት ነው። ከረመዳን መጀመሪያ አንስቶ በየቀኑ ከኢፍጣር በፊት አንድ እፍኝ ስንዴ ወይም ጤፍ ሙዳዩ ውስጥ ይግባ። ልጆች በተራ ያስገቡ፤ እፍኙን የሚለካው ግን ትልቅ ሰው ይሁን፤ የልጅ እጅ ትንሽ ነው። ሲሞላ ወደ ከረጢት ይገልበጥ። በ24ኛው ቀን የቤቱ ሁሉ ፊጥራ ተሟልቷል። ሰባት ነፍስ ያለው በ28ኛው ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በላይ የሆነ አንዳንድ ቀን ሁለት እፍኝ ይጨምር፤ ወሩ 29 ሊሆን ይችላልና እስከ 30 ቀጠሮ አይያዝ።

እህሉ ቤታችሁ እስካለ ድረስ ግን ግዴታው አልወረደም። ከዒድ ሰላት በፊት ለድሃው ይድረስ። በዒድ ማለዳ አባት ብድር ፍለጋ አይሮጥም፤ ጎረቤት ያለች ባልቴትም ልጆቿን ሳታበላ አትውልም።

ወሩ በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደፊት ይመጣል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ረመዳን በአጨዳ ወራት ይሆንና ሣሩም ገለባውም በደጃችን ይገኛል። እስከዚያ በእጃችሁ ባለው ጀምሩ፤ ዛሬ ማታ አንድ አሮጌ ጨርቅ ቅደዱ። ለእንግዳ መቀመጫ የሚሆን ትራስ በኒያ ከተሠራ አጅር አለው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ቤታችንን በሰላምና በባረካ ይሙላልን፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድ። አሚን።