ያለፈ ጊዜ መቼ ይዘጋል?

አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል። ኃይሌ ገብረሥላሴም በአትላንታና በሲድኒ ሁለት አግኝቷል። አማርኛ ለሁለቱም «አግኝቷል» ይላል፤ ጆሮን አይቆረቁርም። እንግሊዝኛ ግን ለኃይሌ «ሂ ሃዝ ወን» ማለትን ይፈቅድና ለአበበ ይከለክላል፤ ለአበበ የሚስማማው «ሂ ወን» ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1973 ስላረፈ በስሙ የሚጨመር ድል የለም። ኃይሌ ሩጫ ቢያቆምም በሕይወት አለ፤ ዘመኑ አልተዘጋም። አንዲት «ሃዝ» ይህን ሁሉ ትናገራለች። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ውስጥ ከዚህች አብልጬ የምወደው ነገር የለም፤ ክፍል ውስጥ ግን በአንድ ሰንጠረዥ ታልፋለች።

ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜዎች ብዙም አያስቸግሩም። ፓስት ኮንቲኒዩስ «እየበላሁ ነበር» ነው። ፓስት ፐርፌክት ከሌላ ያለፈ ድርጊት የቀደመውን ይነግረናል፤ የእኛው «በልቼ ነበር» ዘመድ ነው። የሚያስቸግረው በፓስት ሲምፕል («ሂ ወን») እና በፕረዘንት ፐርፌክት («ሂ ሃዝ ወን») መካከል መምረጥ ነው። ችግሩን ያባባሰው ደግሞ ፕረዘንት ፐርፌክትን «የቅርብ ኃላፊ» እያሉ ማስተማር ነው።

ቅርበት እዚህ ቦታ የለውም። ከደቂቃ በፊት ስለወጣ ሰው የሚባለው «ሂ ሌፍት ኤ ሚኒት አጎ» ነው፤ ከደቂቃ ወዲያ ምን ቅርብ አለ? የሰው ልጅ ጨረቃን ከረገጠ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ «ሂዩማንስ ሃቭ ዎክድ ኦን ዘ ሙን» ግን ዛሬም ልክ ነው። «በ1969» የሚል ከተጨመረበት «ሃቭ» ትወጣለች። ድርጊቱ ያው፣ ርቀቱም ያው ነው። የተለወጠው የምንቆምበት ቦታ ነው።

ይህን ጥርት አድርጎ ያስቀመጠው ጀርመን የተወለደው ፈላስፋ ሃንስ ራይሽንባህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ ሦስት ነጥቦችን ለየ፦ ድርጊቱ የተፈጸመበት፣ የምንናገርበት፣ ድርጊቱን ቆመን የምናይበት። በፓስት ሲምፕል ወደ ድርጊቱ ዘመን ሄደን እዚያው ቆመን እናያለን። በፕረዘንት ፐርፌክት ዛሬ ላይ ቆመን ወደ ኋላ እንመለከታለን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «ዛሬ ጠዋት ሁለት ደብዳቤ ጽፌያለሁ» የሚል ሰው «አይ ሃቭ ሪትን» ይበል፤ ጠዋቱ አላለቀም። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ስለዚያው ደብዳቤ ሲናገር ግን «አይ ሮት» ማለት አለበት። ደብዳቤዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ያለቀው ጠዋቱ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ልበ ሰፊ ነው። «ስብሰባው ትናንት ተካሂዷል» ብንል ማንም አያርመንም። ይህን ልማድ ይዘን እንግሊዝኛ ስንገባ ግን «ሃዝ ቢን ሄልድ የስተርዴይ» ይወጣል፤ በእንግሊዝኛ በሚጻፉ ዜናዎቻችን ሳነበው ያሳዝነኛል። ለሕዝብ የሚጽፍ ሰው «ትናንት» ብሎ ከጻፈ በኋላ ግሱን መለስ ብሎ ማየት ግዴታው ነው። የአገር ልዩነት ሰበብ አይሆንም። እውነት ነው፣ ዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲባል ይሰማል፤ ለንደን ያለው «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» ይባላል። ከ«የስተርዴይ» ጋር ሲሆን ግን ሁለቱም አገር «ሃቭ»ን አይቀበልም።

እርማት ፈልገው የሥራ ማመልከቻ የሚያሳዩኝ ወጣቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት በተቃራኒው ስሕተት ነው። ዛሬም በመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው «አይ ወርክድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ብሎ ይጽፋል። አንባቢው የሚረዳው ሥራውን እንደለቀቀ ነው፤ ቀጥሎም ለምን እንደለቀቀ ይጠይቀዋል። «ሃቭ»ን ቢጨምርባት አምስቱ ዓመታት እስከ ዛሬ ይደርሱለት ነበር።