ጋራዥ ያቆያቸው መኪኖች፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሉት መኪና ዘመኑ አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦን ሲያወጣ፣ ለትልቅ መኪና የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር መካከለኛ መኪና ላይ ገጠመ፤ ፎርድ ሙስታንግም ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ የአየር ብክለት ሕጉ፣ የኢንሹራንሱ ዋጋና የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ተደራርበው ያንን የጉልበት ፉክክር አበቁት። በእኛ አቆጣጠር ጊዜው 1966 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት። ብዙም ሳይቆይ የቅንጦት መኪና የሚያስመጣው ሰውም፣ የሚሸጠው ድርጅትም ከገበያው ወጣ። እናም የእኛ አገር አሮጌ መኪና ሲነሣ የሚታወሱት ቮልስ፣ ፊያት 600፣ ፔጆ 404 እና 504፣ ላንድሮቨርና ላዳ ናቸው። ሞተራቸው ትንሽ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን የትኛውንም ባለ ስምንት ሲሊንደር ያስንቃል።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ጣሊያን መንገዱን ሲዘረጋ የጭነት መኪናውንም ይዞ መጣ፤ የጋራዥ ሙያና የመሣሪያው ስያሜ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ። ቮልስ በንጉሡ ዘመን የመምህሩ፣ የነርሷና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተይዘው የወጡትም በቮልስ ነበር። ሰዉ ሴይቼንቶ የሚለው ፊያት 600 በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆኖ ከተማውን አመላለሰ፤ በደርግ ጊዜ በላዳ ተተካ። ላዳም ቢሆን የፊያት 124 ልጅ ነው፤ ጣሊያን የለመደ መካኒክ እጁን ለማላመድ ብዙም አልተቸገረም።

እነዚህ መኪኖች እስከ ዛሬ የቆዩት ሰብሳቢ ስለነበራቸው አይመስለኝም። ሌላ መኪና መግዛት ስላልተቻለ ነው። ቀረጡ ከባድ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ስለዚህ ያለው ይጠገናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በሌላ አነጋገር አንድ ሰው ዛሬ አሜሪካ ያለውን እ.ኤ.አ. የ1967 ሙስታንግ ገዝቶ ላስገባ ቢል በሩ ዝግ ነው። በአገሩ ያለው አሮጌ መኪና ቁጥሩ ከእንግዲህ ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። አሮጌውን መኪና የማደሱን ጉዳይ አንገብጋቢ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ያሉ፣ በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መውጫ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። መኪና ለማደስ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቦታ ነው። አካሉ ተፈትቶ፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ወንበሩ ወጥቶ ወራት የሚቆም መኪና መሀል አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግቢ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቦታው የሚገኘው በእነዚህ የዳር ከተሞች ነው። የደጋው አየርም ይረዳል፤ የባሕር ጨው የለም፣ ፈረንጅ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም የለም። በአውሮፓ ቢሆን በዝገት ያልቅ የነበረ የስልሳ ዓመት ቮልስ እዚህ ፓራፋንጎው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

ጤነኛ የማይሆነው ወለሉ ነው። ቮልስ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት የኋላውን ወንበር ያንሣ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ፣ በቀኝ በኩል ነው፤ የሚያፈሰው አሲድና ከምንጣፉ ሥር የተኛው የክረምት ውኃ ላሜራውን ወንፊት ያደርጉታል። እዚህ ላይ ጥሩ ባትላሜራ ከመጥፎው ይለያል። መጥፎው ላሜራ ለጥፎ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል፤ በዓመቱ ይፈነዳል። ጥሩው የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ ያወጣና አዲሱን ላሜራ በመዶሻ ቅርጽ አስይዞ ይበይዳል። የኋለኛው ሥራ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ግን ማደስ የሚባለው እሱ ብቻ ነው።

ሞተሩ በአራት ቡሎን ነው የታሰረው፤ የለመደ መካኒክ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ሳይቸገር ያወርደዋል። ራዲያተር የለውም፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ ግን አየሩ ስስ ነው። ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1200 ቮልስ ወደ 25 ይወርዳል ማለት ነው። ካርቡራተሩ በባሕር ዳርቻ ልክ ከተተወ ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ፍሬ ጠበብ ባለው መቀየር ነው።

በዳገቱ ላይ ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ቆሞ ንፋሱን ስለሚከልለው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ይቃጠላል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከቦታው ፈቀቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ነው። ስለዚህ የቫልቭ ክፍተት በየጊዜው ማስለካትና ሁለት ሊትር ተኩል የሆነውን ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው። ወደ እንጦጦ በሦስተኛ ማርሽ እያስጨነቀ የሚወጣ ሹፌር ሞተሩን በገዛ እጁ ያጠፋዋል፤ ቶሎ ወደ ሁለተኛ መልሶ ማራገቢያው በደንብ እንዲሽከረከር ማድረግ ይሻላል።

መለዋወጫ በመጀመሪያ የሚፈለገው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ቮልስ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ይመረት ስለነበር የሞተር ዕቃው በዓለም ገበያ አልጠፋም፤ ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞ ይመጣል። ለሴይቼንቶ ግን ይህ ዕድል ጠባብ ነው፤ የጠፋው ቶርኖ ቤት ይሠራል፣ ካልሆነም ከሌላ መኪና ይወሰዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ መኪና ማንነቱን የሚያጣው፦ የጃፓን ሞተር ይገባበታል፣ የክሩስኮቱ ሰዓት ወጥቶ ስክሪን ይተካበታል፣ ፓራውልቱ ይጣላል። ችግር ያመጣውን ለውጥ እረዳለሁ። ለጌጥ ሲባል ጤነኛውን ኦርጅናል አውጥቶ መጣል ግን ያሳዝነኛል፤ አንዴ የተጣለ ተመልሶ አይገኝም።

የሊብሬው ነገርም አለ። ብዙ እጅ የዞረ መኪና የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መገጣጠሙን ሳያረጋግጡ ቀብድ መክፈል ጣጣ ያመጣል። ሞተር የተቀየረ ከሆነ ለውጡ በወረቀቱ ላይ መሥፈር አለበት። ለቦሎ ደግሞ የሃምሳ ዓመት መኪናም እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል።

የታደሰውን መኪና ማሳየቱ በአብዛኛው የሚካሄደው በሠርግ ነው። አበባ ለብሶ ከሙሽሮቹ አጀብ ፊት የሚሄደው ቮልስ ለባለቤቱ ገቢም፣ ክብርም ነው፤ ብዙው የእድሳት ወጪ የሚሸፈነውም ከዚሁ ኪራይ ነው። ባለቤቶች ተጠራርተው አደባባይ ላይ ተሰልፈው የሚታዩበትም ቀን አለ። የንጉሡ መኪኖች በበኩላቸው በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይጎበኛሉ። ከንጉሡ ሮልስሮይስ አጠገብ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ብትቆም ደስ ባለኝ፤ አዲስ አበቤ የተሳፈረው በእሷ ነውና።

በሌላው ዓለም እንዲህ ላሉ አሮጌ መኪኖች የተለየ መዝገብ አለ። ጀርመን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ላለፈው፣ ኦርጅናልነቱን ለጠበቀ መኪና ልዩ ታርጋና የታክስ ቅናሽ ትሰጣለች። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ተመሳሳይ መስፈርት አለው፤ ዕድሜው ቢያንስ ሠላሳ፣ ይዞታው ታሪኩን የጠበቀ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል። የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ አይሆንም። ቡራዩ ውስጥ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ማታ ጤፍ ጭኖ የሚገባ ቮልስ አለ፤ በየቀኑ ስለሚነዳ ነው በየጊዜው የሚጠገነው፣ መካኒኩም ሙያውን ያልረሳው። እንዲህ ዓይነት ደንብ አንድ ቀን ቢወጣ ዕድሜውንና ኦርጅናልነቱን ይዞ ሦስተኛውን መስፈርት ይተወው፤ መዝገቡ ላይም ከሻንሲ ቁጥሩና ከተሠራበት ዓመት ጎን ያደሰው ባትላሜራና መካኒክ ስም ይጻፍበት።