መረብና ሽመል ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር

ክረምቱ ሲበረታ የጣና ውኃ ከፍ ይላል። በሰኔ ዝቅ ብሎ የነበረው ሐይቅ በመስከረም ሲሞላ ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ተኩል ይጠጋል። ርብና ጉማራ ፎገራ ላይ፣ መገጭ ደግሞ ደንቢያ ላይ ሲተኙ በሬ የተጠመደበት ማሳ ታንኳ ይሄድበታል። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ የሚወጣውም በእነዚሁ ወራት በመሆኑ፣ አጥማጁም ገበሬውም ዓይኑ ውኃው ላይ ነው። (በዚህ ወቅት ዓሣ የማጥመዱ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።) ከራስ በላይ ያለውን ሽቦ የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

ውኃው ሲነሣ ሽቦው አብሮ አይነሣም። ለምሳሌ ከመሬት 6 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ሥሩ 1 ሜትር ተኩል ውኃ ቢገባ፣ ከታንኳው የሚርቀው 4 ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። ታንኳ ላይ የቆመ ሰው 4 ሜትር ርዝመት ያለውን መግፊያ ሽመል ከጭቃ ነቅሎ ቀጥ ሲያደርገው ጫፉ የት እንደሚደርስ አጥማጁ ራሱ ያውቀዋል። በበጋ ያለ ሥጋት ያለፈበት ቦታ በመስከረም ሌላ ቦታ ነው።

በገጠር ቀበሌዎቻችን የሚያልፉት የ15 ሺህና የ33 ሺህ ቮልት መስመሮች በአብዛኛው ልባስ የሌላቸው እርቃን ሽቦዎች ናቸው። ወፍ አርፋበት ስለምትታይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ወፏ የምትተርፈው አንዱን ሽቦ ብቻ ስለያዘች፣ መሬትንም ሌላውን ሽቦም ስለማትነካ ነው። ሽመል የያዘ ሰው ግን በውኃውና በታንኳው በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ በመሆኑ ኃይሉ በእርሱ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ቀርከሃ እንጨት ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም የሚለው አባባል ደረቅ እንጨትን ከቤት መብራት ጋር ብቻ አስቦ የተነገረ ነው። ሽመሉ ሲርስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቮልቱ ከፍ ሲል ደግሞ ደረቁም አያስተማምንም፣ የጎማ ቦቲም አያድንም። መንካትም የግድ አይደለም፤ ጫፉ በጣም ከተጠጋ ኃይሉ አየሩን ዘልሎ ይመጣል።

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ በዘንግ የሚያጠምዱ ወጣቶች ከውጭ የሚመጡትን ከካርቦን የተሠሩ ዘንጎች ሲይዙ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል። የሚወረወር ሲባጎና እርሳስም ከታሰበው በላይ ይርቃል። በእንግሊዝ ለአጥማጆች የሚሰጠው ምክር ከመስመር በአግድም 30 ሜትር እንዲርቁ ነው። በእኛም አጥማጅ ቦታ ሲመርጥ ወደ 40 እርምጃ ቢርቅ ዓሣው አይቀርበትም።

ዳር ላይ ከወጡ በኋላም ሥጋቱ አያበቃም። የደንገል ታንኳ ከሥራ በኋላ እንዲደርቅ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ሁለት ሰው ረጅምና ውኃ የጠጣ ታንኳ ሲያነሣ ወደ ላይ ማየቱን ይረሳል። መረብ በምሰሶ መወጠሪያ ሽቦ ላይ ማስጣትም በየወደቡ የተለመደ ነው፤ መወጠሪያው የቆመው ምሰሶውን ለመደገፍ ነው፣ ከላይ አንድ ሽቦ ቢበጠስ ግን እርሱም ኃይል ሊይዝ ይችላል። ከሽቦ ላይ የተጠላለፈ መረብ ወይም ሲባጎም በሽመል ለማውረድ መሞከር አይገባም። መረቡ ውድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም እዚያው ይቆይና ባለሙያ ያውርደው።

ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀ ድምፅ ባያሰማም፣ ብልጭታ ባይታይበትም ኃይል እንዳለው ይቆጠር። ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ከብቱንም ማራቅ ነው። ውኃ ውስጥ ከወደቀ ዓሣ ሞቶ ቢንሳፈፍ እንኳ ለመልቀም መግባት የለም። ሰው ከተያዘ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ በእጅም በእንጨትም አይነካም፤ አንዱን ለማዳን ሮጦ ሌላውም የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ የሠለጠነ ሰው ደረቱን እየተጫነ የልብ እርዳታ ይስጠው፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ወተት ማጠጣትም ሆነ አፈር ማልበስ ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም። ተነሥቶ የሄደ ሰውም ቢሆን ይታይ፤ ቃጠሎው ውስጥ ለውስጥ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በአጥማጁ ጥንቃቄ ላይ ብቻ መጣል ግን ፍትሐዊ አይመስለንም። ውኃ የሚተኛባቸውን ቀበሌዎች የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በሚገባ ያውቃቸዋል። ከሰኔ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የቀበሌው አስተዳደር አጥማጆቹን ይዘው የታንኳ መንገዶችን ቢያዩ፣ መስመር የሚያልፍበትን ቦታ ምልክት ቢያቆሙበት፣ የጀልባ ማቆሚያውንም ከሽቦ ሥር ቢያነሡት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ያዘመመ ምሰሶና የረገበ ሽቦ ለማን እንደሚነገርም ለሕዝቡ ግልጽ ይደረግ። በየቀበሌው የሚገቡት የማከፋፈያ መስመሮች የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ናቸው፤ በትልልቅ የብረት ማማ የሚያልፉት ከፍተኛ መስመሮች ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። ለአገልግሎቱ በ905 መደወል ይቻላል፤ ሲደወልም የቀበሌውን ስምና ቅርብ ያለውን ድልድይ ወይም ቤተ ክርስቲያን መናገር ሠራተኞቹ ቦታውን ቶሎ እንዲያገኙት ይረዳል።