«የክረምት ጎማ» ለክረምት አይሆንም

ፈጣን መኪና የያዘ ነጋዴ ጎማ ሲገዛ ምን ማየት አለበት?

በጎማ ገበያ እንደ «ክረምት» ገዢን የሚያሳስት ቃል የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የሚወርድበት የአዲስ አበባ አሽከርካሪ «የክረምት ጎማ» ሲባል የሚታየው ጎርፍ በሸፈነው አስፋልት ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ አያርመውም፤ እሱ ራሱ እንዲያው ሊያምን ይችላልና። ቃሉ ግን በትርጉም የመጣ ነው። በአውሮፓ ክረምት ማለት ዝናብ ሳይሆን ብርድና በረዶ ነው። በዚያ «የክረምት ጎማ» የሚባለው በበረዶ ላይ እንዲሄድ ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራው ሲሆን፣ በእኛ የሐምሌ ዝናብ አስፋልቱን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ «የበጋ ጎማ» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ስምና ሥራ ተገለባብጠው ገበያችን ገብተዋል።

ልዩነቱ ያለው በላስቲኩ ቅመም ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት እንዲሠራ የተቀመመ ነው፤ ከዚያ በታች እየጠጠረ ይሄድና የመያዝ አቅሙን ያጣል። የብርድ አገሩ ጎማ በተቃራኒው በቅዝቃዜ እንዳይጠጥር ተለስልሷል፤ ጥርሱም በምላጭ የተተለተለ በሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ የተሞላ ነው። በረዶውን የሚነክሰው ይኸው ስንጥቅ ነው። በሞቀ አስፋልት ላይ ግን ያው ጥርስ ይወላገዳል፣ መሪው ይላላል፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፣ ላስቲኩም ቶሎ ተበልቶ ያልቃል። በአዲስ አበባ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች የሚወርደው በጥቅምትና በጥር መካከል በአንዳንድ ሌሊትና ንጋት ነው። ማልዶ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብሎ ቢነዳ ይበቃዋል። ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድማ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሳም።

መለያው በጎማው ጎን ላይ ነው። ባለሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ተስሎ ከታየ ጎማው ለበረዶ የተፈተነ ነው። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላት ግን ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም፤ በብዙ የአራት ወቅት ጎማና የመስክ መኪና ጎማ ላይም ይጻፋሉ። ከአውሮፓ ተጭኖ የመጣ መኪና የሚገዛ ሰው በየትኛው ወር እንደተጫነ ቢጠይቅ ያዋጣዋል። በጥር የተጫነ ከሆነ እግሩ ሥር ያለው የብርድ ጎማ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ «ገና ያልተነካ» ተብሎ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይደመራል፤ ገዢውም ሌላ አራት ጎማ መግዣ ሳያስብ ይከፍላል።

የስፖርት መኪና ስንት ሰው አለው?

የስፖርት መኪና በከተማችን በጣት የሚቆጠር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ይሁንና በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር መንዳትን የዘወትር ነገር አድርጎታል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ገዢው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። ተራ የቤተሰብ መኪና የሚመስለው የኤሌክትሪክ መኪና ጉልበቱን ባንዴ ስለሚለቅ አነሳሱ የስፖርት መኪና ነው፤ በዚያ ላይ ባትሪው ያከብደዋል። ጎማው የሚችለው ፈተና እንግዲህ የስፖርት መኪና ጎማ ፈተና ነው፤ ባለቤቱ ግን ጎማ የሚገዛው ለድሮዋ ኮሮላው ይገዛ እንደነበረው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጎማው ጎን 225/45 አር 17 94 ደብልዩ የሚል ተጽፏል እንበል። ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ይህን ሶማሌ ተራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚዘለለው የመጨረሻው ቁጥርና ፊደል ነው። 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። በዚሁ ልክ 91 የሚል ጎማም ይገኛል፤ እሱ የሚሸከመው 615 ነው። በአራቱ ጎማ ሲሰላ የ220 ኪሎ ልዩነት አለ። ቀላል ቤንዚን መኪና በ91 ይሄዳል፤ ባትሪ የተሸከመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 94ቱን፣ «ኤክስ ኤል» የሚል የተጻፈበትን ይፈልጋል። መልካቸው አንድ ስለሆነ ደላላው «ያው ነው» ቢልዎ አይደንቅም። ያው አይደለም።

ፊደሉ የፍጥነት ወሰን ነው፤ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240፣ «ደብልዩ» 270፣ «ዋይ» 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከ120 በላይ የማይነዳ ሰው ለ270 ለምን ይከፍላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊደሉ ጎማው ፍጥነት የሚያመጣውን ሙቀት ምን ያህል እንደሚችል ስለሚናገር፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከተጻፈው በታች መውረድ አይመከርም። መኪናው «ቪ» እየጠየቀ «ዋይ» ለመግዛት መጨመር ግን የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሆነ ለጌጥ መክፈል ነው።

ጌጥ ከተነሳ የቸርኬ ነገርም አለ። ሰፊ ቸርኬና ስስ ጎማ መኪናን ያሳምራል፤ ጉድጓድ ሲገባ ግን ቸርኬውን ከምት የሚያድን ላስቲክ አይኖርም። ፍሬኑ ከፈቀደ ከ225/45 አር 17 ወደ 205/55 አር 16 መውረድ ይቻላል። የሁለቱ ጠቅላላ ቁመት ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም፣ የጎማው ጎንም በአንድ ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ማዞሪያ ላይ ጥቂት ይላላል። ለከተማችን መንገድ የማያስቆጭ ልውውጥ ነው።

ዕድሜውን በማን አቆጣጠር?

ሁለተኛው የገበያ ወጥመድ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 1217 የሚል ከሆነ በ2017 በ12ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። በእኛ መጋቢት 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «17» የሚለውን አይቶ የ2017 ዓ.ም. ምርት የሚመስለው ገዢ ስምንት ዓመት ገደማ ይሳሳታል። ኮዱ በአንደኛው ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ሊጻፍ ስለሚችል ጎማውን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል።

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ ተከምሮ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ውስጡ የደረቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ የመኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች የሚያስቀምጡት የመጨረሻ ጣሪያ 10 ዓመት ነው። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ በፖርሽ ካሬራ ጂቲ ተሳፍሮ ሲሄድ ከነሾፌሩ ሞተ። የሸሪፉ ምርመራ ለአደጋው ምክንያት ያለው ፍጥነትን ነው፤ መኪናው በ45 ማይል መንገድ ላይ ከ80 እስከ 93 ማይል፣ ማለትም ከ129 እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ ነበር። ይኸው ምርመራ ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት ገደማ እንደሆናቸውና ዕርጅናቸው የመኪናውን አያያዝ ሊጎዳ እንደሚችልም ጠቅሷል። ለዚያ መኪና ባለቤት የአራት ጎማ ዋጋ ምን ነበር?

ስለዚህ ለፈጣን መኪና ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድም፤ ቦታው በረባሶ ሠሪው ዘንድ ነው። ሦስት ዓመት የሆነው ደግሞ የሙሉ ጎማ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም። ኮዱን ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻውን ዋጋ ያስቀንሳል።

ዋጋ ለኪሎ ሜትር

የአሜሪካ ገበያ የሚገባ ጎማ የመበላት ቁጥር ይጻፍበታል። የማነጻጸሪያው ጎማ 100 ነው፤ 300 የተጻፈበት በፈተናው መንገድ ሦስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ከበጋ ጎማዎች መካከል ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ በአብዛኛው 300፣ ለውድድር ሜዳ የቀረበው ወንድሙ ስፖርት ካፕ 2 ደግሞ 180 ነው። ሁለተኛውን በአዲስ አበባ መንዳት ገንዘብን በአስፋልት ላይ መፈግፈግ ነው፤ ሲያልቅም በዝናብ ያንሸራትታል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ድርጅት ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ ድርጅትን ከድርጅት ለማበላለጥ አይታመንም። ለእኛ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው በአውሮፓው መለያ ወረቀት ላይ ያለው የዝናብ ደረጃ ነው፤ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ይሄዳል፣ «ኤ» በረጠበ መንገድ በአጭር ርቀት የሚቆመው ነው።

ንፋስም የሂሳቡ አካል ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ ስለሚተጣጠፍ ይግላል፤ ብዙ ጎማ የሚፈነዳውም በዚሁ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የከፍታ ነገር ይጨመራል። በአዲስ አበባ 33 ፒ.ኤስ.አይ. የሞላ ጎማ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ መለኪያው 3 ከግማሽ ያህል ቀንሶ ያሳይ ነበር፤ በባሕር ጠረፍ የውጪው አየር ይከብዳልና። በተቃራኒው በየ10 ዲግሪው ሙቀት ግፊቱ በአንድ ተኩል ገደማ ይጨምራል። በንጋት ብርድ ተነስቶ ቀትር ላይ አዋሽ የሚደርስ መኪና ሁለቱ ተጣጥተው ወደ ሁለት ያህል ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። ይህን አይቶ ንፋስ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል። ልኬት የሚወሰደው ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት፣ በሚነዳበት አገር ነው።

ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት ግድ ከሆነ አዲሶቹ የሚገቡት ከኋላ ነው፤ ጉልበቱ ከፊት የሆነ መኪናም ቢሆን። በዝናብ የኋላው ቀድሞ ከተንሸራተተ መሪ አይመልሰውም።

ጎሚስታ ቤት ከተደረሰ በኋላም አይን አይነሳ። የብዙ ፈጣን ጎማ ጥርስ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው፤ «ውጪ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ጎን ወደ ውጪ መዞር አለበት። ቀስት ካለው ቀስቱ መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጎማው የሚሽከረከርበትን ያሳያል። በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ውስጥ ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ ተለጥፏል። ሲበሳ ስፖንጁ በቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ተቆርጦ ይነሳል፤ ሁሉንም ገሽልጦ የሚጥል ጎሚስታ ካጋጠመ መኪናው በማግስቱ መጮህ ይጀምራል።