በተተከለ ጥርስ ዙሪያ ስለሚነሣ ደዌ

ጥርሱን በሕመም ወይም በአደጋ ያጣ ሰው፣ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ ሥር ተተክሎለት፣ በዚያም ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታንጾለት፣ እንደ ቀድሞው ለማላመጥና ያለ ሐፍረት ለመሣቅ መቻሉ የጥርስ ሕክምና በ20ኛው ምዕት ዓመት ካስገኛቸው ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአጥንትን አፈዋወስ ለመመርመር በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ መልሶ ሊያወጣ ቢሞክር፣ አጥንቱና ማዕድኑ ተዋሕደው አልላቀቅ አሉት፤ ከዚህ ያልታሰበ ግኝት ተነሥቶም በ1965 ዮስታ ላርሶን ለተባለ ሰው የቲታኒየም ሥሮችን ተከለለት፤ ላርሶንም በ2006 እስኪያርፍ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ሲገለገልባቸው ኖረ።

ቲታኒየም እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ስለማይነቅዝ ብዙ ሰዎች የተተከለ ጥርስ ከደዌ ሁሉ ነጻ ነው ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ ማዕድኑ ባይታመምም፣ እርሱን ያቀፉት ድድና አጥንት ሕያዋን ናቸውና ይታመማሉ። ደዌው ሁለት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያው ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል፤ አጥንቱ ግን ገና ስላልተጎዳ በጊዜው ንጽሕና ከተደረገለት ሊፈወስ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ሥሩን የያዘው አጥንት ጥቂት በጥቂት እየተበላ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ያለቀውን አጥንት ወደ ቀድሞ ምልአቱ መመለስም እጅግ አዳጋች ነው። ብዙ ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ምርመራ፣ ጥርስ ከተተከለላቸው ሰዎች በአማካይ 43 ከመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያው፣ 22 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ የሁለተኛው ደረጃ ደዌ እንደሚገኝባቸው ገምቷል።

ደዌው በተተከለ ጥርስ ላይ የሚበረታበት ምክንያት ከአካል ሥርዓት የሚመነጭ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከሥሩ ወደ ድድና ወደ አጥንት በሚዘረጉ ቀጫጭን ጅማቶች የተሰፋ ሲሆን፣ በቲታኒየሙ ዙሪያ ያሉት ጅማቶች ግን እንደ አንገትጌ ከበቡት እንጂ በውስጡ አልተተከሉም፤ ደም የሚያመላልሱ ሥሮችም በዚያ ሥፍራ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በድዱ ጠርዝ የተከማቹ ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ ውስጥ ሲዘልቁ የሚገታቸው አጥር ደካማ በመሆኑ፣ ደዌው ፈጥኖ ወደ አጥንቱ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካና የአውሮፓ የድድ ሕክምና ሊቃውንት በቺካጎ ተሰብስበው ማስረጃውን ሁሉ ከመረመሩ በኋላ፣ ለዚህ ደዌ የሚያጋልጡ ሦስት ምክንያቶች ጽኑ ማስረጃ እንዳላቸው መሰከሩ። አንደኛው፣ ሰውየው አስቀድሞ በጽኑ የድድ ሕመም የተጠቃ መሆኑ ነው፤ ጥርሱን ያሳጣው ደዌ በቀሩት ጥርሶች ዙሪያ ሳይፈወስ አዲስ ሥር ቢተከል፣ እነዚያው ተሕዋስያን ወደ አዲሱ ይሻገራሉና። ሁለተኛው የንጽሕና ጉድለት ነው፤ በዚህም ሁልጊዜ በሽተኛው ብቻ አይወቀስም፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ ብሩሽ በማይደርስበት ቅርጽ ከተሠራ፣ ትጉህ የሆነው ሰው እንኳ ሊያጸዳው አይቻለውም። ሦስተኛው ወደ ሐኪም ተመልሶ አለመታየት ነው፤ በብራዚል በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የነበሩ ሰዎች ከ5 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ክትትል ካላገኙት 43.9 ከመቶ የሚሆኑት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ሲዘልቁ፣ ዘወትር ከታዩት ግን ይህ የደረሰባቸው 18 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ትምባሆንና በሚገባ ያልተገታ የስኳር በሽታን በሚመለከት የጥናቶቹ ምስክርነት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም ቁስል እንዳይሽር፣ አካልም ረቂቃን ተሕዋስያንን እንዳይመክት ስለሚያደርጉ ጠንቃቃ ሐኪም በቸልታ አያልፋቸውም። እንዲሁም ጥርሱን ከሥሩ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ ተርፎ ከድድ በታች ከቀረ የተሕዋስያን መሸሸጊያ ይሆናልና፣ ይህን አጥርቶ ማንሣት የሐኪሙ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ጥርስ ሊያስተክል የወጠነ ሰው አስቀድሞ የድዱን ሕመም ያስፈውስ፤ ትምባሆም የሚያጨስ ቢሆን ይተው። ከተተከለለትም በኋላ የመጀመሪያውን ራጅ በጥንቃቄ ያኑር፤ በተለይም በሌላ አገር አስተክሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ራጁንና የተተከለለትን ሥር ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ የኋላው ሐኪም አጥንቱ መጉደሉን የሚያውቀው ከፊተኛው ጋር አስተያይቶ ነውና። በየዕለቱ በጥርሶቹ መካከል ሳይቀር ያጽዳ፤ በየስድስት ወሩ፣ ወይም ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ይታይ፤ ደም ያየ እንደ ሆነም ሕመም እስኪሰማው አይጠብቅ፣ ይህ ደዌ አጥንትን ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይበላልና።